ፒኤችፒን ያቆየው ልማድ አይደለም

ሰሞኑን በሶፍትዌር ሰዎች ዘንድ እየተቀባበለ የሚነበብ አንድ ጽሑፍ አለ። ድረ ገጾች በሰርቨር በኩል የሚሠሩበት ፒኤችፒ ዘመኑ ያለፈበት የፕሮግራም ቋንቋ እንደሆነና እስካሁን የቆየውም ሰው ከለመደው ነገር መላቀቅ ስለሚከብደው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ጸሐፊው ስድስት ክሶች ደርድረዋል፦ ሳይታሰብበት የተሠራ ነው፤ በዓይነት አያያዙ ልል ነው፤ ለጥቃት የተጋለጠ ነው፤ ቀርፋፋ ስለሆነ ፌስቡክ ሳይቀር ጥሎት ሄዷል፤ ከብራውዘር ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመሩ ብክነት ነው፤ ብዛቱም በእርሱ የተጻፈው የድረ ገጽ መሥሪያ የወርድፕረስ እንጂ የራሱ አይደለም። በመጨረሻም ጀማሪ እንዳይማረው፣ በፒኤችፒ የተሠራ ሲስተም ያለው ድርጅት ደግሞ በሌላ ቋንቋ እንዲያስጽፈው መክረዋል።

የምተዳደረው በዚህ ቋንቋ ኮድ በመጻፍና የሌሎችን ኮድ በማረም ነው፤ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ከክሶቹ ውስጥ እውነት የሆኑ አሉና እነርሱን አልክድም። አብዛኞቹ ግን የሚናገሩት ከብዙ ዓመት በፊት ስለነበረ ፒኤችፒ ነው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር የዘለሉት አምስተኛው ክስ ደግሞ፣ እኔ እንደማምነው፣ ቋንቋው ዛሬም የሚወደድበት ዋናው ምክንያት ነው። ብዙ የምቆየው እርሱ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይታሰብበት ስለመሠራቱ

አጀማመሩ ጸሐፊው እንዳሉት ነው። ራስመስ ሌርዶርፍ በ1994 የተነሳው ቋንቋ ልፍጠር ብሎ አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ያኖረውን ሲቪ ማን እንደሚያየው ለማወቅ በሲ ቋንቋ ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፈ፤ በጁን 1995 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። በ1997 አንዲ ጉትማንስና ዜቭ ሱራስኪ የቋንቋውን እምብርት እንደ አዲስ ጻፉት፤ በ1998 ፒኤችፒ 3 ሆኖ ወጣ። በ2000 የወጣው ፒኤችፒ 4 ዜንድ በተባለው አዲስ ሞተር፣ ማለትም ኮዱን በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ላይ የተሠራ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበትን ሲቪ መቁጠሪያ ብሎ መጥራት እነዚህን ሁሉ ዓመታት እንዳልነበሩ መቁጠር ነው።

በፋንክሽኖቹ፣ ማለትም አንድ ሥራ እንዲሠሩ በስማቸው በሚጠሩት የኮድ ክፍሎች፣ ላይ የስያሜው መዘበራረቅ ግን አለ። «ስትርሌን» ያለ ሰረዝ ይጻፋል፣ «ስትር_ሪፕሌስ» በሰረዝ። «ስትርፖስ» መጀመሪያ የሚፈለግበትን ጽሑፍ ይቀበላል፣ «ኢን_አሬይ» ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገውን ነገር። ይህ ግን እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የጽሑፍ ፋንክሽኖቹ የሲ ላይብረሪን ፋንክሽኖች ቅደም ተከተል እንደያዙ ገቡ፤ የአሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) ፋንክሽኖቹ ሌላ ሥርዓት ያዙ። በየቡድናቸው ውስጥ ከታዩ ብዙም አይጣሉም። እንደዚያም ሆኖ ለጀማሪ አሰልቺ ነው፤ ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ግብዓቶችን በስማቸው መጥራት መቻሉ ችግሩን አቃለለው እንጂ አላጠፋውም።

ታዲያ ለምን አይስተካከልም? ጸሐፊው ይህን የቸልተኝነት ምልክት አድርገውታል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ስሙን ዛሬ ብትለውጠው ነገ ጠዋት ሥራ የሚያቆሙት ድረ ገጾች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ ባለቤቶቻቸው ደግሞ አብዛኞቹ ፕሮግራመር አይደሉም። የብራውዘሮች ቋንቋ የሆነው ጃቫስክሪፕትም በዚያው በ1995 ነው የተወለደው፤ ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው በ10 ቀን ውስጥ ነው። ባዶ እሴት፣ ማለትም «ነል»፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ዛሬም «ኦብጀክት» ብሎ ይመልሳል። ስህተት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቢያርሙት ግን ድሩ ይሰበራል ተብሎ ተትቷል። በዚህ ምክንያት ጃቫስክሪፕት ይጣል ያለ ሰው አልሰማሁም። የኋላውን ቆርጦ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት ለፈለገ ደግሞ ከቀድሞው እትም ኮድ ጋር የማይስማማው ፓይተን 3 አለ፤ በ2008 ወጣ፣ ፓይተን 2 የተሸኘው በ2020 መግቢያ ላይ ነው።

ስለ ዓይነት

ዓይነት ማለት አንድ እሴት ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ነው። ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ ቁጥሩ ዜሮ «ሰላም» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ነው መባሉን ነው። እስከ 7.4 ድረስ እውነት ነበር። በኖቬምበር 2020 ከወጣው 8.0 ወዲህ ግን መልሱ «አይደለም» ነው። ምሳሌው በተጻፈበት ቀን ሥራ ላይ ባለ በማንኛውም የሚደገፍ እትም ላይ ቢሞከር ጸሐፊው ያሉትን ውጤት አይሰጥም። አንድ ቋንቋ ሲተች ቢያንስ ምሳሌው መሞከር ነበረበት።

ልልነቱ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። ከፎርምም ሆነ ከአድራሻ መስመር የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው ዕድሜውን 30 ብሎ ቢሞላ ለሰርቨሩ የሚደርሰው 3 እና 0 የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ፒኤችፒ ይህን ጽሑፍ እንደ ቁጥር እንዲያይ የተደረገው ድርን ለማስተናገድ ስለተሠራ ነው። ምርጫው ዋጋ አስከፍሏል፤ ግን ምክንያት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም። በዲሴምበር 2015 ፒኤችፒ 7.0 ለቁጥርና ለጽሑፍ ሳይቀር የዓይነት መግለጫ፣ ለፋንክሽን ውጤት ዓይነትና ጥብቅ የዓይነት ሁኔታን ይዞ መጣ። 7.4 ለክላስ ባሕርያት ዓይነት ሰጠ። 8.0 «ይህ ወይም ያ» የሚሉ ጥምር ዓይነቶችን፣ 8.1 ኢነምን (የተወሰኑ እሴቶች ብቻ ያሉትን ዓይነት) እና አንዴ ከተሞላ የማይለወጥ ባሕርይን ጨመረ። ከቋንቋው ውጭ ደግሞ ፒኤችፒስታንና ሳልም የመሳሰሉ መርማሪዎች ኮዱ ሳይሮጥ የዓይነት ስህተትን ያወጣሉ። ዛሬ በደንብ በተያዘ ቡድን ውስጥ የሚጻፍ ፒኤችፒ፣ ለማያውቀው ሰው ቢያሳዩት ከጃቫ ብዙም የራቀ አይመስለውም።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት አንድ ወጥመድ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሁለት የተለያዩ የይለፍ ቃላት ሃሽ ተደርገው (ተመልሶ ወደማይፈታ የፊደልና የአሃዝ ተርታ ተቀይረው) ሁለቱም ውጤቶች በዜሮና «ኢ» በሚለው የላቲን ፊደል ቢጀምሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አሃዝ ብቻ ቢሆን፣ በ«==» ሲነጻጸሩ እኩል ናቸው ይባላል። ምክንያቱም ቋንቋው ሁለቱንም የሚያነባቸው ዜሮ ሲባዛ በአሥር ርቢ ብሎ ነው፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሃሽ በ«==» አይነጻጸርም። ዓይነትንም ጭምር በሚያነጻጽረው «===»፣ ከዚያም የተሻለ ለዚሁ ተብሎ በተሠራው «ሃሽ_ኢኳልስ» ነው። ኮድ ሳርም «==» ሳይ ሁልጊዜ ቆም ብዬ ምክንያቱን እጠይቃለሁ። ይህን ዓይነት ንቃት የሚጠይቅ መሆኑ ጉድለት ነው፤ አልሸፍነውም።

ስለ ደህንነት

እዚህ ላይ ጸሐፊው የጠቀሱት ሁሉ በአንድ ወቅት የነበረ ነው፤ ችግሩ ጊዜውን አለመናገራቸው ነው። ዋና ማስረጃቸው «ሬጂስተር ግሎባልስ» የሚባለው አሠራር ነው። በአድራሻው መስመር ላይ የተጻፈ ማንኛውም ስም በኮዱ ውስጥ በራሱ ቫሪያብል (እሴት የሚይዝ ስም) ይሆን ነበር። ኮዱ የይለፍ ቃሉ ልክ ሲሆን «ተፈቅዷል» የሚል ቫሪያብልን ወደ እውነት ቢቀይር፣ ከዚያ በፊት ግን ሐሰት ብሎ ሳይጀምረው ቢቀር፣ አድራሻው ጫፍ ላይ «ተፈቅዷል=1» ብሎ የጨመረ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ይገባል። አደገኛ ነበር። በ2002 በ4.2 ከነባሪነት ወጣ (ሆን ተብሎ ካልተከፈተ የማይሠራ ሆነ)፣ በ2012 በ5.4 ጨርሶ ተወገደ። ከተጠቃሚ በመጣ ጽሑፍ ውስጥ ከጥቅስ ምልክት በፊት በራሱ መከላከያ ምልክት የሚጨምረው፣ «ማጂክ ኮትስ» የተባለውና ሰዎችን በከንቱ እምነት ያዘናጋው አሠራርም በዚሁ እትም ተሰናበተ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው የኤስኪውኤል ሰርጎ ገብነት፣ ማለትም አጥቂ በፎርም በኩል የራሱን የዳታቤዝ ትእዛዝ ማስገባቱ ነው። ይህ ግን የተጠቃሚን ጽሑፍ ከዳታቤዝ ትእዛዝ ጋር አጣብቆ በሚልክ በማንኛውም ቋንቋ የሚደርስ ነው። ፒኤችፒ ትእዛዙንና መረጃውን ለይቶ የሚልከውን ፒዲኦ ከ2005 ጀምሮ ይዟል። አጣብቆ መላክን ያስለመደው አሮጌው የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ደግሞ ከ7.0 ወዲህ ቋንቋው ውስጥ የለም። የይለፍ ቃል አቀማመጥም ቢሆን ከ2013 ወዲህ አንድ መስመር ነው፤ «ፓስወርድ_ሃሽ» ጨው (ከይለፍ ቃሉ ጋር የሚቀላቀል የዘፈቀደ ጽሑፍ) መጨመሩንም አልጎሪዝም መምረጡንም ራሱ ይሠራል። ጀማሪ ትክክለኛውን ነገር ከስህተቱ በቀለለ መንገድ እንዲሠራ ያደረገ ቋንቋን ስለ ደህንነት ግድ የለውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው፣ በማርች 2021 የቋንቋው የራሱ ኮድ የሚቀመጥበት ሰርቨር ተሰብሮ መግባቱ ነው። እውነት ነው። በሌርዶርፍና ከቋንቋው ዋና ሠሪዎች አንዱ በሆነው በኒኪታ ፖፖቭ ስም ሁለት ተንኮለኛ ለውጦች ገብተው ነበር። ጸሐፊው ያልነገሩን፣ ለውጦቹ በሰዓታት ውስጥ በሌሎች ዓይን ታይተው መነሳታቸውን፣ ለተጠቃሚ የወጣ እትም ውስጥም አለመግባታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ማኅበረሰቡ የራሱን ሰርቨር ትቶ ጊትሃብ ወደተባለው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ተሻገረ።

እኔ በደህንነት በኩል ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የቆዩ ትምህርቶች። ከ2010 በፊት የተጻፉ መማሪያዎች ዛሬም በፍለጋ ይገኛሉ፣ ጀማሪዎችም ይቀዷቸዋል። እንዲህ ዓይነት ኮድ በየጊዜው እጄ ይገባል። ደግነቱ አብዛኛው በአዲሱ እትም ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ ተማሪው ስህተት አይቶ እንዲጠይቅ ይገደዳል። ቢሆንም ረጅም ዕድሜ ያለው ቋንቋ የሚከፍለው ዕዳ ነው፣ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ስለ ፍጥነትና ስለ ፌስቡክ

ይህኛው አጭር ነው፤ ታሪኩ ለጸሐፊው አይመሰክርላቸውምና። ፌስቡክ በ2004 በፒኤችፒ ተጀመረ። ሥራው ሲከብድ ኮዱን በሌላ ቋንቋ አላስጻፈም፤ ፒኤችፒን ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚቀይር ሂፕሆፕ የተባለ መሣሪያ ሠርቶ በ2010 ይፋ አደረገ፣ ቀጥሎም ኤችኤችቪኤም የሚባል ሞተር ሠራ፣ በ2014 ደግሞ ከፒኤችፒ የወጣውን ሃክ የተባለ ቋንቋ አስተዋወቀ። ይህ መሸሽ ከተባለ በጣም ቀስ ያለ ሽሽት ነው። የዊኪፔዲያ ጉዞ ደግሞ የበለጠ ይናገራል፦ በ2014 ለፍጥነት ብሎ ወደ ኤችኤችቪኤም ሄደ፣ በ2019 ወደ ፒኤችፒ 7 ተመለሰ።

ያስመለሰው በዲሚትሪ ስቶጎቭ፣ በሺንቸን ሁዊና በኒኪታ ፖፖቭ የተሠራው የሞተር ለውጥ ነው። አንድን እሴት የሚይዘው ውስጣዊ መዋቅር ከ24 ባይት ወደ 16፣ በአሬይ ውስጥ አንድን ቦታ የሚይዘው ደግሞ ከ72 ባይት ወደ 32 ወረደ። ትንሽ ሜሞሪ ማለት ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ካለው ካሽ ውስጥ ብዙ ነገር ያገኛል ማለት ነው። ብዙ ድረ ገጾች አንድ መስመር ኮድ ሳይለውጡ ፍጥነታቸው እጥፍ ሆነ። በ8.0 የመጣው ጂት (ኮዱን እየሮጠ ሳለ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ግን ለተራ ድረ ገጽ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ የድረ ገጽ ጊዜ በአብዛኛው የሚያልቀው ዳታቤዝ በመጠበቅ ስለሆነ ነው።

ከዜሮ ስለመጀመር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጸሐፊው፣ ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁሉን ነገር ጭኖ፣ መልሱን ሰጥቶ፣ ሁሉን ነገር መጣሉ ብክነት ነው ብለው አልፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብራውዘር ጥያቄ ይመጣል። ኮዱ ባዶ ሜሞሪ ይዞ ይጀምራል፤ ትናንት የሆነውን ቀርቶ ከአንድ ሰከንድ በፊት የሆነውንም አያውቅም። ከዳታቤዝ የሚፈልገውን ያመጣል፣ ገጹን ይሠራል፣ ይልካል። ከዚያ የፈጠረው ቫሪያብል ሁሉ ይጠረጋል። የሚቀጥለው ጥያቄ ሲመጣ ሰሌዳው ንጹሕ ነው።

ይህ ምን እንደሚያስቀር ለማየት አንድ ስህተት በሁለት ዓለም እንከተል። ፕሮግራመሩ «የአሁኑ ተጠቃሚ» የሚል ግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም ኮዱ ሁሉ የሚጋራው፣ አለው እንበል። ለቀናት ሳይቋረጥ በሚሮጥ፣ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው ሰው ይገባል፤ ስሙ ቫሪያብሉ ላይ ይቀመጣል፤ ኮዱ ዳታቤዝ መልስ እስኪሰጥ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ሁለተኛው ሰው ይገባና በዚያው ቫሪያብል ላይ የራሱ ስም ይጻፋል። ዳታቤዙ ለመጀመሪያው መልስ ሲሰጥ፣ ኮዱ ካቆመበት ቀጥሎ የሁለተኛውን ሰው ገጽ ለመጀመሪያው ይልካል። አንድ ሰው የሌላውን መዝገብ አየ ማለት ነው። ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒውተር ብቻውን ሲሞክረው ይህ ፈጽሞ አይታይም። የሚታየው ሰው ሲበዛ ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ለማደን ከሚከብዱ ስህተቶች አንዱ ነው። በተለመደው የፒኤችፒ አሠራር ያንኑ መጥፎ ኮድ ጻፍ፤ ምንም አይሆንም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጋሩት ሜሞሪ የላቸውም።

ሌላውም እንዲሁ። ሜሞሪ የሚያፈስ ኮድ ለቀናት ተጠራቅሞ ሰርቨሩን አይጥልም፤ ያፈሰሰው ከጥያቄው ጋር ይሄዳል። አንድ ገጽ በማያልቅ ዙር ውስጥ ቢገባ ነባሪው የ30 ሰከንድ ገደብ ያቆመዋል፤ ሜሞሪ ቢያግበሰብስ 128 ሜጋባይት ላይ ይያዛል። የሚበላሸው ያ ገጽ ለዚያ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ ምንም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ተጠቃሚ ሲበዛም ኮዱ በጥያቄዎች መካከል የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ሁለተኛ ማሽን መጨመር ቀላል ነው፤ ሴሽኑን (የገባው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ የሚይዘውን መረጃ) ብቻ ከዲስክ አውጥቶ ሁሉም ማሽኖች ወደሚደርሱበት ቦታ ማዛወር ይጠይቃል።

ኮድ ማውጣትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። አዲሱን ፋይል አስቀምጥ፤ ቀጣዩ ጥያቄ በአዲሱ ኮድ ይስተናገዳል። የሚገነባ ነገር የለም፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ጸሐፊው ፋይል ቀድቶ ማውጣትን እንደ ነውር አይተውታል። ፋይል በፋይል መቅዳት፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነበት ቅጽበት ስለሚፈጥር፣ ለትልቅ ሥራ አይመከርም፤ ጠንቃቃ ቡድኖች አዲሱን እትም በሌላ ማኅደር አዘጋጅተው ሲያልቅ ሰርቨሩ የሚከተለውን ጠቋሚ ወደ አዲሱ ማኅደር በአንዴ ያዞራሉ። ለሚማር ሰው ግን ቃል ቀይሮ፣ አስቀምጦ፣ ገጹን አድሶ ውጤቱን ወዲያው ማየት የሚሰጠውን ጉልበት ያየ ያውቀዋል። ከሐሳብ እስከ የሚሠራ ገጽ ያለው መንገድ ከዚህ ያጠረበት ቋንቋ እኔ አላየሁም።

ብክነት አለ? አለ። ትልቅ ፍሬምወርክ (ፕሮግራሙ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መዋቅር) በየጥያቄው መነሳት አለበት። ግን ከ2013 ወዲህ ኦፕካሽ ከፒኤችፒ 5.5 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኮዱ አንድ ጊዜ ተተርጉሞ በጋራ ሜሞሪ ይቆያል፣ በየጥያቄው ከፋይል አይነበብም። የቀረው ወጪ ለአብዛኛው ሥራ ዳታቤዝ ከሚወስደው ጊዜ ያንሳል። በጣም ለሚቸኩል ደግሞ ፍራንከንፒኤችፒ፣ ሮድራነርና ስዉል አሉ፤ ፍሬምወርኩን አንዴ አስነስተው ለብዙ ጥያቄ ያቆዩታል። እነዚህን ለተጠቀመ ሰው ግን ከላይ የነገርኳቸው በሽታዎች አብረው ይመለሳሉ፤ በጥያቄዎች መካከል የሚቀር ነገር እንዳይኖር መጠንቀቅ የእርሱ ሥራ ይሆናል። ብክነት የተባለው ነገር ምን ይገዛልን እንደነበር የሚገባን ያኔ ነው።

አማዞን በ2014 ኮድን ጥሪ ሲመጣ ብቻ የሚያስኬደውን ላምዳ የተባለ አገልግሎት ሲያወጣ ለፕሮግራመሮች የሰጠው ምክር፣ ኮዳችሁ ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው የሚተርፍ ነገር አለ ብሎ አይተማመን የሚል ነበር። ሰርቨርለስ ተብሎ እንደ አዲስ ዘመን የተወደሰው ሐሳብ ለፒኤችፒ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኖረበት ነው።

አንድ ቦታ ግን ለጸሐፊው ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግንኙነታቸውን ሳያቋርጡ ተከፍቶ የሚቆይበት ሥራ፣ ለምሳሌ የቀጥታ መልእክት መለዋወጫ፣ ለዚህ አሠራር አይመችም። 8.1 ሥራን መሐል ላይ አቁሞ በኋላ ለመቀጠል የሚያስችለውን ፋይበርስን ቢያመጣም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጠኝ ለዚያ ክፍል «ጎ» ወይም «ኤሊክሰር» የተባሉትን ቋንቋዎች እመርጣለሁ።

ስለ ወርድፕረስ ጥላ

ድረ ገጾች በምን እንደተሠሩ የሚከታተለው ደብሊውስሪቴክስ በሚያወጣው ቆጠራ፣ የሰርቨር ቋንቋቸው ከታወቀ ድረ ገጾች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፒኤችፒን ይጠቀማሉ። ጸሐፊው ከዚህ ላይ ወርድፕረስ የያዘውን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሰው የቀረው ትንሽ ነው አሉ። ስሌቱ አያስኬድም። የወርድፕረስ መቶኛ የተሰላው ከድረ ገጾች ሁሉ ነው፣ የፒኤችፒው ደግሞ ቋንቋቸው ከታወቀው ብቻ፤ መነሻቸው የተለያየ ሁለት መቶኛ አይቀናነስም። ቆጠራው ድረ ገጾችን እንጂ የሥራ ቦታን ወይም የኮድ ክብደትን አለመለካቱ ግን ትክክል ነው፣ እኔም ይህን ቁጥር እንደ ዋንጫ አላነሳውም።

ደግሞስ ወርድፕረስ ራሱ ለምን በፒኤችፒ ተጻፈ? እንደ እርሱ ሰው በራሱ ሰርቨር ላይ ከሚተክላቸው የድር ሶፍትዌሮች ድሩፓል በ2001፣ ሚዲያዊኪና ሙድል በ2002፣ ወርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 ሁሉም ይህንኑ ቋንቋ መረጡ። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ፋይል አስቀምጦ ሊያስነሳቸው የሚችልበት ቀላል መንገድ ነበር፤ ያም የሆነው ከላይ በነገርኩት አሠራር ምክንያት ነው። አንድ ሰርቨር ላይ መቶ ደንበኛ ተቀምጦ፣ ጎብኚ የሌለው ድረ ገጽ ሜሞሪ ሳይበላ መኖር ይችላል። ወርድፕረስ ለፒኤችፒ ጥላ ከሆነ፣ ዛፉን ያበቀለው አፈር ማን እንደሆነ ተረሳ ማለት ነው።

ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሥራ አይጀመርበትም ነበር። ላራቬል የተባለው ፍሬምወርክ በ2011 ተወልዶ ዛሬም አዳዲስ ምርቶች ይሠሩበታል። ኮምፖዘር የተባለው መሣሪያ ከ2012 ወዲህ የላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አያያዙን መልክ አስያዘው። በኖቬምበር 2021 ፖፖቭ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ ሲያዞር ቋንቋው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ መቆሙ ገሃድ ወጣ፤ ጄትብሬይንስ፣ አውቶማቲክ፣ ላራቬልና ሲምፎኒ ያሉባቸው አሥር ድርጅቶች የፒኤችፒ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ለሞተሩ ሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ጀመሩ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ መጨረሻ አዲስ እትም ይወጣል። ብዙ ድረ ገጾች ድጋፋቸው በተቋረጠ አሮጌ እትሞች ላይ እንደሚሮጡ ጸሐፊው የተናገሩት ግን ትክክል ነው፤ 7.4 ድጋፉ በ2022 ያበቃ ቢሆንም ዛሬም በየቦታው አለ። ይህን ለማስተካከል የሆስቲንግ ድርጅቶች ከሁሉም የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው።

በሌላ ቋንቋ ስለማስጻፍ

ይህን ምክር ሳነብ ደነገጥኩ፤ ሰው ሰምቶ ሊያደርገው ይችላልና። ለዓመታት የኖረ ሲስተም ውስጥ ያለው ሁሉ በሰነድ አልተጻፈም። አንድ ቦታ ላይ እንግዳ የምትመስል ቅድመ ሁኔታ ትኖራለች፤ ከጀርባዋ አንድ ደንበኛ ያማረረበት፣ አንድ ሒሳብ የተዛባበት ቀን አለ። በአዲስ ቋንቋ ሲጻፍ እነዚያ ይወድቃሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ በተጠቃሚው ላይ እየደረሱ ይታወሳሉ።

ያለው መንገድ ከዚህ ይቀላል። መጀመሪያ በነበረው ኮድ ላይ ፒኤችፒስታንን በዝቅተኛው ደረጃ አስነስቶ አሁን ያሉትን ስህተቶች በመነሻ ዝርዝር መመዝገብ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ስህተት እንዳይጨመር መከልከል። ሬክተር የሚባለው መሣሪያ አሮጌ አጻጻፎችን በራሱ ወደ አዲስ ይቀይራል። እትሙን ከ5.6 ወደ 7.4፣ ከዚያ ወደ 8 በደረጃ ማሳደግ። ዝርዝሩ እያጠረ ሲሄድ የመርማሪውን ደረጃ ከፍ ማድረግ። በዚህ ሁሉ መሐል ሲስተሙ አንድ ቀን አይዘጋም።

ለጀማሪም ቢሆን አትማር አልልም። ጥያቄ፣ መልስ፣ ፎርም፣ ኩኪ፣ ሴሽን የሚባሉትን ሳይሸፋፈኑ የሚያገኛቸው እዚህ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የሚማርበት ጽሑፍ ከ8.0 በኋላ የተጻፈ ይሁን።

ጸሐፊው ያልተቹት

ፒኤችፒን አጥብቆ መተቸት ለፈለገ ሰው፣ ከስድስቱ ይልቅ ጠንካራ የሆኑ ሁለት ነጥቦች ነበሩ። አንደኛው ጀነሪክስ አለመኖሩ ነው። ይህ አሬይ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ብቻ ነው ብሎ በቋንቋው ራሱ መናገር አይቻልም፤ በኮሜንት ውስጥ ጽፈን መርማሪው እንዲያነብልን እናደርጋለን። ቋንቋው ራሱ ስለዚያ ኮሜንት ምንም አያውቅም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ነው፤ ይህኛው በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውን በቀጥታ ይነካናል። ለፒኤችፒ ጽሑፍ ማለት የባይት ተርታ ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ስትርሌን» «ሰላም» ምን ያህል ይረዝማል ሲባል 9 ብሎ ይመልሳል። የዜና አርእስት በ«ሰብስትር» እዚህ ላይ ቁረጥ ቢሉት ፊደሉን ከመሐል ሰንጥቆ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይተዋል። መፍትሔው በ«ኤምቢ» የሚጀምሩት ፋንክሽኖች ናቸው፤ «ኤምቢ_ስትርሌን» 3 ይላል። ግን እነርሱን የሚጠቀመው ያወቀ ብቻ ነው፣ ኤክስቴንሽኑም በሁሉም ሰርቨር ላይ በነባሪነት አይገኝም። ይህን ከሥሩ ለማስተካከል ታስቦ የነበረው ፒኤችፒ 6 ነው፤ የዓለምን ፊደላት የሚያካትተውን ዩኒኮድን በሞተሩ ውስጥ ዩቲኤፍ-16 በተባለው ሌላ ሥርዓት ለማስገባት ለዓመታት ተለፍቶበት በ2010 ተተወ፣ ቀጣዩ ትልቅ እትምም 6ን ዘልሎ 7 ተባለ። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ ቢያደርጉት፣ የመጀመሪያ ደጋፊያቸው እኔ ነኝ።